ጣት የዋጠ እጅጌ

ፊት ለፊት "እትዬ" ይሏታል፤ ዘወር ሲሉ ግን "መርፌ" ናት። ስሙን ያወጡላት ደንበኞቿ ናቸው። ልብስ ሰፊ ስለሆነች ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ምላሷም ይወጋል። አንዷ "ወገቤን ትንሽ አጥብቢልኝ" ብትላት፣ ሜትሩን ከአንገቷ ሳታወርድ "እኔ የማጠብበው ጨርቅ ነው፤ አንቺን ማጥበብ የሐኪም ሥራ ነው" ብላ ሸኝታታለች አሉ። ሴትየዋ ግን ብዙም ሳትቆይ ጨርቋን ይዛ ተመለሰች። ምን ታድርግ? ከመርፌ እጅ የወጣ ልብስ ገላ ላይ ቁጭ ይላል። ትከሻው አይጨማደድ፣ ወገቡ አይንሸራተት። እጅጌማ አይነሳ! በእጅጌ የሚደርስባት የለም። ሰውየውን አንዴ ዓይን ጥላበት የክንዱን ርዝመት ታውቀዋለች።

ይህን የነገርኳችሁ በከንቱ አይደለም። በኋላ መርፌ ስለ እጅጌ "ተሳስቼ ነው" ብትላችሁ እንዳታምኗት ብዬ ነው።

ሱቁ ጠባብ ነው። የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ የባሏ መተኮሻ ጠረጴዛ ከኋላ። እሷ ትሰፋለች፣ እሱ ይተኩሳል። ባልየው ዝምተኛ ነው፤ ትዳራቸው የሰመረው እሷ የሁለቱንም ድርሻ ስለምታወራ ነው ይባላል። በሁለቱ መሀል፣ ወለሉ ላይ፣ የቁርጥራጭ ጨርቅ ክምር አለ። ክምሩ ላይ ደግሞ ልጃቸው። ገና አምስት ዓመቷ ነው። የቁልፍ ቆርቆሮውን ከያዘች ቤቱ ቢቃጠል ዞር ብላ ስለማታይ ቁልፌ ይሏታል። ነጭ ነጩን ቁልፍ ለብቻ፣ ባለ አራት ቀዳዳውን ለብቻ፣ የተሰበረውን ደግሞ አዝናለት ነው መሰለኝ በጉያዋ።

ቁልፌ አትናገርም። ጆሮዋ ደህና ነው፤ የከረሜላ ወረቀት ውጭ ቢንኮሻኮሽ ከውስጥ ትሰማለች። ያሏትንም ትረዳለች፤ "ጥቁሩን ክር አቀብይኝ" ካሏት ጥቁሩን ነው የምታመጣው። ቃሉ ግን ከአፏ አልወጣ አለ። "ማ" ትላለች፣ "እ" ትላለች፣ ከዚያ ከንፈሯ ይንቀጠቀጥና ትተወዋለች። የፈለገችው ነገር ሳይገባቸው ሲቀር ደግሞ ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። እናት ይህን እያየች እንዴት ትስፋ? ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ሲንከራተቱ ከርመው፣ በመጨረሻ የንግግር አስተማሪ ያለችበት ትምህርት ቤት አገኙ።

አስተማሪዋ ልጅ እግር ናት፣ ሳቂታ። በመጀመሪያው ቀን ባልና ሚስቱን ትንንሽ የሕጻን ወንበሮች ላይ አስቀምጣ፣ "ስታናግሯት በአፋችሁም በእጃችሁም ይሁን" አለቻቸው። "ቃሉን በሉ፣ እዚያው ምልክቱን አሳዩ። 'ጨምሪ' ስትሉ እንዲህ። 'በቃ' ስትሉ እንዲህ። አፏ እስኪደርስላት እጇ ይናገርላት።"

"አፍ እያላት?" አለች መርፌ።

"አፏን አንቀማትም እኮ፣ እናቷ። ምልክቱ ለቃሉ መንገድ ይጠርግለታል እንጂ አይዘጋበትም።"

"እጇ ከለመደ አፏ ምን ቆርጦት ይደክማል? እኔ ራሴ በጣቴ ጠቁሜ ሁሉ ነገር ቢመጣልኝ አፌን አልከፍትም ነበር።"

"አንቺ እንኳ ትከፍቺ ነበር" አለ ባልየው። በዓመት አንዴ የሚቀልድ ሰው ነው፤ ያንን አንዱን ቀልድ እዚያ ጨረሰው። አስተማሪዋ ሳቀች። መርፌ አልሳቀችም።

ባልየው ተማረ። ካውያው እስኪግል ድረስ እንፋሎቱ መሀል ቆሞ ጣቶቹን እያጣጠፈ ይለማመዳል። "ውሃ"፣ "ነይ"፣ "ጨምሪ"፣ "በቃ"፣ "አመመኝ"። ቁልፌም ያዘችው። አንድ ቀን አባቷ ቁልፎቹን ከቆርቆሮው እየዘገነ ሲሰጣት፣ ሁለት እጇን ሰብሰብ አድርጋ ጫፍ ለጫፍ አገናኘች፤ "ጨምር" ማለቷ ነው። ሰውየው ቆርቆሮውን እንዳለ ደፋላት! ቁልፍ በየወለሉ ተንከባለለ። አባትና ልጅ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። መርፌ ከመኪናዋ ላይ ቀና ብላ አየቻቸው። ደስ ሊላት ይገባ ነበር። ደስም ብሏታል፤ ግን ከደስታው ሥር አንድ ነገር ቆንጠጥ አደረጋት። ዘጠኝ ወር የተሸከምኩ እኔ፣ ያጠባሁ እኔ፤ የመጀመሪያ ወሬዋን የምታወራው ለሱ? ቅናት ነበር፤ ምን ይደበቃል።

ያ ብቻ ቢሆን ባለፈ። ግን አንዲት ደንበኛ መጣች፤ ልጇን ልትድር ቀሚስ የምታሰፋ፣ አምባር በአምባር የሆነች ሴትዮ። መርፌ ስፒሎቿን በከንፈሯ ይዛ የሴትዮዋን ቀሚስ ጠርዝ ስትይዝላት፣ ቁልፌ ለአባቷ ውሃ ስጠኝ ብላ በእጇ አሳየች። ሴትዮዋ አየቻት። ከዚያ ከንፈሯን መጠጠች። ረጅም መምጠጥ።

"ውይ፣ የኔ ምስኪን! ደንቆሮ ናት እንዴ? ሳታስታውቅ!"

ለሁሉ ሰው መልስ ያላት ሴት ያን ቀን መልስ አጣች። አፏ ስፒል ስለያዘ አይደለም፤ ስፒልማ ይተፋል። ፊቷ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። ጠርዙን ወጋች።

በማግስቱ ከጣቃው ላይ ሰማያዊ ወፍራም ጨርቅ ቆረጠች። ለልጇ ቀሚስ ሰፋች፤ የሚያምር፣ አንገቱ ላይ ጥልፍ ያለው። እጅጌው ግን ከጣቶቿ አልፎ ወርዶ፣ ጫፉ ተሸብሽቦ የተዘጋ ነው። ቁልፌ ስትለብሰው እጇ እንደ ትራስ ሆነ።

"እጇ የት ገባ?" አለ ባልየው።

"ብርድ ነው። ደግሞም ታድጋለች ብዬ አስረዝሜዋለሁ።"

ከመርፌ ጋር ስለ እጅጌ ማን ይከራከራል? ካውያውን አነሳ። እሱ አንዳንዴ እጅጌውን ሲጠቀልልላት፣ እናትየው "ይበርዳታል" እያለች ታወርደዋለች። ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት ስትሄድ ደግሞ ሌላ ቀሚስ ታለብሳታለች። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ሰው ጥፋቱን የማያውቅ ቢሆን አይደብቀውም ነበር። ለራሷ የምትለው ግን ሌላ ነው። "ትንሽ ብትቸገር አፏ ይከፈታል። ለሷው ብዬ ነው።" አቤት፣ "ለሷው ብዬ" የምትባል ነገር ስንቱን ሸፍናለች!

አንድ የዕረፍት ቀን ባልየው የሆቴል ዩኒፎርም ሊያስረክብ ራቅ ወዳለ ሰፈር ሄደ። የባለ አምባሯ፣ የሙሽራዋ እናት ቀሚስ ለማግስቱ ይፈለጋል። ሱቁ ውስጥ እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። ቁልፌ እንደ ልማዷ ጫማዋን አውልቃ ክምሩ ላይ ወጥታ ነበር። ለምሳ ሊወጡ ሲሉ መርፌ እየተጣደፈች ጫማውን አጠለቀችላት፤ ወደ ውስጡ ሳታይ።

ልጅቷ በሩ ጋ ስትደርስ የእናቷን ቀሚስ ያዘች። "እ! እ!" አለች። ሁለት እጇን አነሳች። የሰማያዊው እጅጌ ጫፎች ፊት ለፊት መጡና ተጋጩ። ተለያዩ፤ እንደገና ተጋጩ።

"በአፍሽ!" አለች መርፌ።

"ማ... ማ..."

"ማ ምን? ጨርሺዋ! በአፍሽ ተናገሪ!"

እጅጌዎቹ ጫፍ ለጫፍ መጋጨታቸውን ቀጠሉ። መርፌ እጇን ይዛ እየጎተተች ወሰደቻት። ልጅቷ እያነከሰች ስትራመድ "ደግሞ ይቺን ከየት አመጣሻት?" አለቻት። ተመልሰው ሲገቡ ልጅቷ እያለቀሰች ነበር። እጆቿን አነሳች፤ መርፌ ፊቷን ወደ መኪናዋ አዞረች። ልጅቷ ጭንቅላቷን ከግድግዳው ጋር አጋጨች፤ መርፌ ትራስ አምጥታ መሀል አስገባችና ተመልሳ ተቀመጠች። "እልኸኛ! በእልህስ እኔን አትበልጪኝም" አለች። ትንሽ ቆይቶ ልቅሶው ወደ ሲቃ፣ ሲቃው ወደ እንቅልፍ ሄደ። መርፌ የሙሽራዋን እናት ቀሚስ ጨረሰች። እጅጌው ሲያምር!

አመሻሹ ላይ ባልየው ገባ። ልጅቷን አቅፎ ሊያነሳ ጫማዋን ሲያወልቅ ካልሲው አብሮ አልመጣም፤ ተረከዟ ላይ ደርቆ ተጣብቋል። ቀስ ብሎ ላጠው። ባለ ነጭ ራስ ስፒል፣ እስከ ግማሹ ገብቶ። ከመርፌ በቀር በዚያ ሰፈር በነጭ ራስ ስፒል የሚሠራ የለም።

"ቀኑን ሙሉ እዚህ ላይ ቆማ ዋለች?" አለ። ድምፁ ቀጥኖ። "አላለቀሰችም?"

"ትንሽ ስትነጫነጭ ነበር... እንቅልፍ መስሎኝ" አለች መርፌ።

የልጅቷ እግር አመረቀዘ፤ ትኩሳት መጣ፤ የሐኪም መርፌ መወጋት፣ መታጠብ፣ መጠቅለል ሆነ። ዳነች። እግርስ ይድናል። መርፌ የዚያኑ ሰሞን የሰማያዊውን ቀሚስ ጫፍ ተርትራ ከፈተችው፤ "ብርዱ ቀለል ብሏል" አለች። የልጅቷ እጆች ግን አልወጡም። ቁልፌ ከአባቷ ጋር በጣቷ እያወራች ሳለ እናቷ ብቅ ካለች፣ ጣቶቿ ሰብሰብ ብለው እጅጌ ውስጥ ይገባሉ። እጅጌው አጭር ከሆነ ከጀርባዋ ይሄዳሉ። ፈርታ አይደለም፤ አታለቅስም፣ አትሸሽም። "እማ እጅ አትወድም" የሚል ሕግ እንዳለ አውቃ፣ ሕጉን እየጠበቀች ነው። ይሄ ነው መርፌን የገደላት። ብታኮርፋት ታባብላት ነበር፤ እንዲህ ስትታዘዛት ምን ታድርግ?

ስንቴ አቅፋ "ይቅር በይኝ፣ የኔ እናት" አለቻት። ልጅቷ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ታስደግፋለች፤ እጆቿን ግን ጉያዋ ውስጥ እንደከተተች ነው።

ከዚያ የወላጆች ትምህርት ቀን ሆነ። ባልየው ሥራ ስለደረሰበት መርፌ ሄደች። አሥር የሚሆኑ እናትና አባት በነዚያ ትንንሽ ወንበሮች ላይ ጉልበታቸው አገጫቸው ድረስ ደርሶ ተቀምጠዋል። አስተማሪዋ አንድ በአንድ ታሳያቸዋለች፣ እነሱም ይደግማሉ። "ጨምሪ። በቃ። ጎበዝ። አሁን ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው።" ሁለት ሌባ ጣቶቿን አቅንታ ፊት ለፊት አመጣቻቸው፤ ጫፋቸው ተነካካ። ለያየቻቸው፤ እንደገና አነካካች። "አመመኝ" አለች።

መርፌ ጣቶቹን አላየችም። ሁለት የሰማያዊ ጨርቅ ጫፎች ናቸው የታዩዋት። ሲጋጩ፣ ሲለያዩ፣ ሲጋጩ። በሩ ጋ። መንገድ ላይ። ሱቁ ውስጥ፣ ከወንበሯ አጠገብ። ለካ ልጄ ነግራኛለች! ከምሳ በፊት ነግራኛለች፣ ከምሳ በኋላ ነግራኛለች፤ እኔ በሰፋሁት ከረጢት ውስጥ ሆና፣ አመመኝ፣ አመመኝ ስትለኝ ውላለች። እስከዚያ ቀን ድረስ ጥፋቷ ጫማውን አለማየቷ ይመስላት ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።

"እትዬ፣ ደህና ነዎት?" አለች አስተማሪዋ።

"ደህና ነኝ። ወንበሩ ነው።"

ሰው ሲበተን አስተማሪዋ ወደሷ ጠጋ አለች። "ቁልፌ እኛ ጋ እጇ አያርፍም። ቤትስ?"

"ለአባቷ ታሳያለች።"

"ለእርስዎስ?"

መርፌ ቦርሳዋን ዘጋች፤ ከፈተች፤ ዘጋች። "ትጀምራለች" አለችና ወጣች።

ሱቁ ስትደርስ ባሏ ሱሪ እየተኮሰ ነው፤ ቁልፌ ጎረቤት ሄዳለች። መርፌ ቁጭ አላለችም። የእጅጌውን ነገር፣ ብርድ ያለችው ውሸት መሆኑን፣ የዚያችን ከንፈር መጣጭ ሴትዮ ነገር፣ ጫፎቹ ሲጋጩ ማየቷን፣ "በአፍሽ" ማለቷን፣ ሁሉንም ዘረገፈችው። ባልየው ካውያውን ከሶኬት ነቀለና አቁሞ አስቀመጠው።

"ነግራሽ ነበር ማለት ነው።"

"አዎ።"

"ዓይንሽ እያየ።"

"አዎ።"

ቢጮህባት፣ ቢሰድባት እንዴት በተገላገለች! እሱ ግን ወደ በሩ ሄደ። ጀርባውን እንደሰጣት "እኔንም አታለልሽኝ" አለ። "እኔስ ብሆን ስታወርጂው እያየሁ አይደል? ዝም አልኩ።" ከዚያ ዞረ። "ለኔ ያልሽውን ለሷ በያት።"

"ብያታለሁ። ስንቴ ብያታለሁ።"

"በምንሽ?"

"በአፌ።"

"በአፍሽማ ብዙ ብለሻታል" አለና ወደ ሱሪው ተመለሰ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መርፌ ተማሪ ሆነች። የቱንም ክር ዓይኗን ጨፍና በመርፌ ቀዳዳ የምታስገባ ሴት፣ ሁለት ጣት አጣጥፋ አንዱን ማቅናት ሲያቅታት ማየት ነበር! "የላም እጅ ነው ያለኝ" ትላለች። ባሏ ያርማታል፤ አሁንም ብዙ አያናግራትም፣ ግን ያርማታል። ለልጅቷ ማሳየት ግን አልደፈረችም። እሷ እጇን ብታነሳ ቁልፌ ፊቷን ብታዞርስ? እንደሷው "በአፍሽ" ብትላትስ? ልጅቷ እንዲህ ብላ አታውቅም፤ መርፌ ግን እንቅልፍ ያጣችው በዚህ ነው።

ከሠርጉ በኋላ የሙሽራዋ እናት ቀሚሷን ልታስጠብብ ተመልሳ መጣች። መርፌ ስፒል በአፏ ይዛ ወገቧን ትለካለች። ባልየው እንፋሎቱ ውስጥ ነው። ቁልፌ ክምሩ ላይ ቁልፍ ትለያለች። አንዱ ቁልፍ አመለጣትና ተንከባሎ መርፌ እግር ሥር ቆመ። ልጅቷ ልታነሳው መጣች፤ ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። እጆቿ ወዲያው እጅጌዋ ውስጥ ገቡ። ቁልፉን እንኳ ሳታነሳ።

መርፌ ስፒሎቹን መዳፏ ላይ ተፋች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ አንድም እንዳይወድቅ ተጠንቅቃ። ሜትሩን ከአንገቷ አወረደች። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፤ ጉልበቷ ቀጭ አለ።

ምን ትበላት? "ይቅርታ" የሚለውን ምልክት ማንም አላሳያትም፤ የምታውቃቸው ጥቂቶቹን ብቻ ነው። ከነሱ መሀል እውነት የሆነው አንዱ ነበር። ሁለት ሌባ ጣቶቿን አቅንታ ፊት ለፊት አመጣቻቸው። አነካካቻቸው። "አመመኝ" አለች። ለያይታ እንደገና አነካካች። "እማን አመማት።"

ከላይ፣ ግማሽ ስፒል ግማሽ ቀሚስ ሆና የቆመችው ሴትዮ ከንፈሯን መጠጠች። "ውይ፣ የኔ እህት! አንቺንም አደከመችሽ አይደል!"

"ከንፈርሽን ሰብስቢልኝ" አለች መርፌ፣ ዓይኗን ከልጇ ሳትነቅል። "ከልጄ ጋር እያወራሁ ነው።"

ካውያው ማፏጨቱን አቆመ። ቁልፌ የእናቷን ጣቶች አየች፤ ፊቷን አየች፤ እንደገና ጣቶቹን። ወደ አባቷ ዞረች፤ ይሄ ነገር ተፈቀደ እንዴ እንደማለት። አባቷ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ልጅቷ ጠጋ አለች። እጆቿ ከእጅጌው ወጡ።

ወደ እናቷ እግር አጎነበሰች። የእናቷን ጫማ በሁለት እጇ ይዛ ጎተተች፤ እምቢ ሲላት ቁጢጥ ብላ ጎተተች፤ ወለቀ። ገልብጣ አራገፈችው። ምንም አልወደቀም። እጇን እስከ አንጓዋ ድረስ ከትታ ውስጡን ዳሰሰች፤ በጥንቃቄ፣ የሚወጋ ነገር እንዳለ እንደሚያውቅ ሰው። የለም። ሁለተኛውን አወለቀች። እሱንም አራገፈች፣ ዳሰሰች። የለም። የእናቷን ተረከዝ አንስታ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችና፣ ልክ የሷ በተወጋበት ቦታ ላይ እፍ አለችበት።

መርፌ ጎንበስ አለችባት። "የኔ እናት" አለች፤ ሌላ ቃል ከአፏ አልወጣም። ልጅቷ ያ ነገር እንዴት እንደሆነ ታውቀዋለች፤ አላጣደፈቻትም።

ቁልፌ እግሩን ቀስ አድርጋ አወረደች። ትንንሽ ሌባ ጣቶቿን አቅንታ በእናቷ ፊት አነካካቻቸው። "ማ?" አለች፣ ቅንድቧን ሰቅላ። አሁንም አመመሽ? ማለቷ ነው።

"አዎ" አለች መርፌ፣ በአፏም በእጇም። ልጅቷ ጫማውን አንስታ እንደገና መፈለግ ጀመረች።